በሦስት ቋንቋ ስለተከሰሰው ወንድምሽ

ይድረስ ለእህቴ ለሚሚ ስዩም
ዱባይ

ይህን ወረቀት የከፈትሽው ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። ተቀምጠሽ ከሆነም ግድግዳ ፈልገሽ ተደገፊ። በስዩም ቤት ላይ ከባድ ነገር ደርሷል። የእናትሽ ልጅ ዮፍታሄ ሕዝብ በተሰበሰበበት ተከሶ፣ በአምስት ሽማግሌዎች ፊት ድንጋይ ተሸክሞ ቆሞ፣ የሰው እንጀራ ሊያስዘጋ አንድ ቃል ሲቀረው ነው የተረፈው። እማዬ ነጠላዋን ልታዘቅዝቅ ጥቂት ነበር የቀራት። ልብሽን አጠንክሪና ቀስ ብለሽ አንብቢ።

ግን ሰላምታ ሳላስቀድም ወደ ነገር ከገባሁ እማዬ ወረቀቱን ትቀደዋለች። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? እጅግ እንዴት ከርመሽልኛል? ያ ብርድ የሚተፋ ማሽን ጉንፋን አስይዞኛል ብለሽ ነበር፤ ለቀቀሽ ወይ? ወገብሽስ? እመቤትሽ ጠባይዋ ለዘብ አለ? ልጆቿን አማርኛ እያስተማርሻቸው ነው አሉ፤ ያንቺን አማርኛ ከሆነ የሚማሩት ወላጆቻቸው ትርጉሙን እንዳይጠይቁ ጸልዪ። እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን፣ አምላክ ይመስገን። እማዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷም እንደ ድሮው ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮ ቀድሞ ይናገራል። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልታሰረም። ይህን ከላይ መጻፍ እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ነገር ግን አንቺም ባለፈው "ትልቅ ዜና አለኝ" ብለሽ አራት ገጽ ካስነበብሽኝ በኋላ ዜናው ፀጉርሽን መቆረጥሽ ስለነበር፣ ብድር በምድር ነው።

እንግዲህ ስሚኝ። ዘንድሮ ዝናቡ ለከት አጣ። ከማርሳቢት ወደዚህ ወደ ሞያሌ የሚመጣው መንገድ እንደ አብሽ ላቆጠና የጭነት መኪናዎች ከተማችን ውስጥ ሦስት ሳምንት ተገትረው ቀሩ። ሥራ የፈታ ሾፌር፣ ገበያ ያጣ ነጋዴ፣ ፍየሉን የሚጭንበት ያጣ ሰው ሁሉ ከሰዓት በኋላ የሚሄድበት አንድ ቦታ ብቻ ነበረው፤ የሀቢቦ ቪዲዮ ቤት። ሀቢቦን ታስታውሺዋለሽ፣ ያን አሮጌ ላንድሮቨር ሲነዳ የነበረውን። ካንቺ መሄድ በኋላ እግሩ ተሰብሮ በጠማማው ስለገጠመ ፍሬን መርገጥ አይችልም። አሁን ያለው በጋሽ ወልደየሱስ ሆቴል ግቢ ውስጥ አንዲት ቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የሚያስነጥሰው ጄኔሬተር ነው። አራት ልጆቹን የሚያበላው በዚያ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ይህን ስጽፍልሽ እየቀለድኩ አይደለም።

አንድ ሾፌር ከናይሮቢ ሽፋን የሌላቸው ስድስት ዲስኮች አምጥቶለት ኖሮ ገልጠን ብናየው የጃፓን ካርቱን ሆነ። አምስት ወጣቶች ናቸው፣ አንዷ ሴት። ከእግር እስከ ራስ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሮዝ ለብሰው፣ ፊታቸውን በሄልሜት ሸፍነው፣ ከተማ ከሚያፈርስ አውሬ ጋር ይዋጋሉ። "እንዲህ ያለውንማ ስንት አይተናል" ልትዪ ነው። ይሄኛው ግን እንዲህ ባሉት ፊልሞች ላይ የሚያላግጥ ነው። አምስቱ ከመዋጋታቸው በፊት ተሰልፈው፣ እጅና እግራቸውን አጣመው፣ ተራ በተራ ቀለማቸውን እየጠሩ ይፎክራሉ፤ አውሬውም ኬላ ላይ ወረቀቱን እንደሚጠብቅ ሾፌር ዝም ብሎ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። አንድ ቀን ቀዩ አቋቋሙ ስላላማረው "እንደገና ከመጀመሪያው" ሲል አውሬው ታክቶት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ሲፎክሩ ከኋላቸው ያለ ምክንያት ፈንጂ ይፈነዳል፤ የአንዲት ባልቴት የተሰጣ ልብስ ተቃጠለና ሴትዮዋ ጦርነቱ መካከል ገብታ ካሳ አምጡ ብላ ያዘቻቸው።

ከድል በኋላ ደግሞ አምስቱም አንዲት ጠባብ የኪራይ ቤት ይገባሉ፣ ልብሱን ማን እንደሚያጥብ ይጣላሉ። ቢጫው ይበላል፣ ሁልጊዜ ይበላል፤ አንድ ጊዜማ ሄልሜቱን ማውለቅ ረስቶ ሩዙን ከነሾርባው መስታወቱ ላይ ለጠፈው። ቀዩ "ተከተሉኝ" ይላል፣ ወዴት እንደሆነ ግን አይናገርም። አረንጓዴው ጦርነት ካለቀ በኋላ ይደርሳል። ሮዟ ሁሉን ትሠራለች፣ ፎቶ ሲነሱ ጥግ ላይ ትቆማለች። አንጀቴ እስኪታጠፍ ሳቅሁ። ግን እየቆየሽ ስታዪው ሌላ ነገር አለበት። እነዚህ ሰዎች ልብሳቸውን ሲያወልቁ እርስ በርስ ይተፋፈራሉ። በጦርነት አብረው የሞቱ ያህል ናቸው፣ ራት ላይ ግን የሚያወሩት ያጣሉ።

የሚናገሩት ጃፓንኛ ነው፣ ከታች በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይሮጣል። ሀቢቦ "ዮፍታሄ ተምሯል፣ እሱ ይንገረን" ብሎ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቆመኝ። እስከ ስድስተኛ ክፍል እንዴት እንደተማርኩ አንቺ ታውቂያለሽ፣ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዬን በሙሉ የሠራሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ከዚህ በታች ለሚመጣው ጥፋት ግማሹ ባንቺ ይጻፋል። ከአራት ቃል አንዱን እይዛለሁ፣ ሦስቱን ከቤት አምጥቼ እሞላለሁ። መጀመሪያ በአማርኛ ለፊተኛው አግዳሚ፣ ቀጥዬ በስዋሂሊ ለሾፌሮቹ፣ በመጨረሻ በኦሮምኛ ግድግዳውን ተደግፈው ለቆሙት። አፌ ሲፈታ ጊዜ፣ ይቅር በይኝ፣ ሰይጣን ገባብኝ።

በየቀኑ የማይቀሩ ሦስት ደንበኞች ነበሩ። አንዱ ጋሽ ወልደየሱስ ናቸው፣ የሆቴሉ ባለቤትና የዕድሩ ዳኛ፤ ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖረው ከአማርኛ ሌላ አልሰማም ይላሉ፣ በተለይ ሰው ዋጋ ቀንሱ ሲላቸው። ሁለተኛው ጄምስ ነው፣ ከወደ ሜሩ የመጣ ሾፌር፤ አማርኛም ኦሮምኛም አያውቅም፣ እማዬ ዕቃ አድርስልኝ ስትለው ትከሻውን ነቅንቆ ይሄዳል። ሦስተኛው ኦቦ ጡሪ ናቸው፣ ከዋልዳ የመጡ ፍየል ነጋዴ፤ አማርኛና ስዋሂሊ ሲነገር ፊታቸው እንደ ተዘጋ በር ነው። ጋሽ ወልደየሱስና ኦቦ ጡሪ ስምንት ዓመት ፍየል ሲገበያዩ በመካከላቸው ቆማ የምታስተረጉመው ወተት ሻጯ ካልቶማ ናት።

እኔም እያንዳንዱን በማያውቀው ቋንቋ አማሁት። በስዋሂሊና በኦሮምኛ ቀዩ ጋሽ ወልደየሱስ ሆኑ፤ "ተከተሉኝ" ብለው ራሳቸው ጓሮ የሚደበቁ። በአማርኛና በኦሮምኛ ቢጫው ጄምስ ሆነ፣ ከሆዱ ጋር የተፋቀረ። በአማርኛና በስዋሂሊ አረንጓዴው ኦቦ ጡሪ ሆኑ፣ ፍየሎቻቸው ደርሰው እሳቸው ያልደረሱ። ቤቱ ሦስት ጊዜ ይስቃል፣ በእያንዳንዱ ሳቅ አንዱ ዝም ይላል፣ ያ አንዱም አልገባውም ብዬ አስባለሁ። ምልክት አልነበረም አትበዪኝ፣ ነበረ። በሁለተኛው ሳምንት ጄምስ ብስኩቱን ወደ ቪዲዮ ቤቱ ማምጣት አቆመ። ኦቦ ጡሪ ከሁሉ ቀድመው መምጣት ጀመሩ። ጋሽ ወልደየሱስ ደግሞ አንድ ቀን በጓሮ በር ሊገቡ ብለው አዩኝና ዞረው በፊት ለፊት ገቡ። እኔ ከብት ሆኜ አላስተዋልኩም። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም የተባለው ለእነሱ ነው፤ ሦስቱም ሁሉንም ይሰሙ ነበር። ግን ሰምቻለሁ ካሉ ለስንት ዓመት አልሰማም ብለው ያተረፉት ሊጋለጥ ነው። ስለዚህ ስድባቸውን ዋጥ አድርገው በማግሥቱ ይመለሳሉ።

ያጋለጠቻቸው ካልቶማ ናት። በሩ ላይ የወተት ጀሪካኗን በጉልበቷ መካከል አድርጋ ትቀመጣለች፣ በሦስቱም ቋንቋ ሦስት ጊዜ ትስቃለች። አምስተኛው ዲስክ ሊያልቅ ሲል ቢጫው ድስት ይዞ ከጦርነት ሲሸሽ እኔ የጄምስን ነገር በአማርኛ አሳምሬ ተናገርኩ። የጄምስ ጆሮ ቀላ። ካልቶማ አየችውና "ጄምስ፣ ገባህ አይደል? ኧረ ሦስታችሁም ገብቷችኋል። ኦቦ ጡሪ፣ ጋሽ ወልደየሱስ ፍየልህ ከሳች ሲሉ እኔ አፌን ሳልከፍት ነው ግንባርዎ የሚቋጠረው። ስምንት ዓመት ለሁለት ጨዋ ሰው የሰማችሁትን ስደግም ጉሮሮዬ ነደደ" አለች። ይህን ያለችው በአማርኛ ነበር። ማንም አላስተረጎመም፣ ጄምስና ኦቦ ጡሪ ግን ዞረው አዩዋት።

ከዚያ ጋሽ ወልደየሱስ ጥርት ባለ ኦሮምኛ፣ እኔ እንኳ እንደዚያ አልችልም፣ "ታዲያ በረቱ አጠገብ ስለ አንተ ያልኩትን ሁሉ ሰምተሃል ማለት ነው" አሏቸው። ኦቦ ጡሪም በአማርኛ "ከነእናቴ ስም" ብለው መለሱ። ጄምስ ከነሱ መካከል ብድግ አለና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አማርኛ ተናገረ፤ "እኔ ሆዳም ነኝ?" አለኝ።

እርስ በርስ እንዳይካሰሱ ሦስቱም ጥፋተኞች ናቸው። ስለዚህ ቁጣቸው ሁሉ የሚያርፍበት ፈልጎ በእኔና በሀቢቦ ላይ አረፈ። ጋሽ ወልደየሱስ ሰው የሚዋረድበት ቤት በግቢዬ አይኖርም፣ ቴሌቪዥንህን ይዘህ ውጣ አሉት። ሀቢቦ አልተከራከረም። እኔንም አልሰደበኝም፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጄኔሬተሩን አጠፋና ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያንን ጠማማ እግሩን በእጁ ያሽ ጀመር። ሚሚ፣ እኔ የምቀልደው ነገር አጥቼ አላውቅም፣ ያን ጊዜ ግን አጣሁ። ይህ ቤት ከተዘጋ የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ የምከፍተውም እኔ ነኝ ብዬ ማልኩ።

በማግሥቱ ድንጋይ ተሸክሜ ጋሽ ወልደየሱስ ደጅ ሄድኩ። የመጀመሪያዋ ድንጋይ ትንሽ ናት ብላ እማዬ ከበር መልሳ የወፍጮውን መጅ አንገቴ ላይ ጫነችብኝ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ጋሽ ወልደየሱስ "ድንጋዩን አውርድ፣ በአንገትህ አልበደልክም፣ በአፍህ ነው የበደልከው" አሉ። ፍርዱም ይህ ሆነ። ቅዳሜ የመጨረሻው ዲስክ ይታያል። የተጻፈውን ብቻ፣ በሦስቱም ቋንቋ አንድ ዓይነት አድርጌ እናገራለሁ። እንግሊዝኛውን ጄምስ ያየዋል። አንድ ቃል ከራሴ ብጨምር ሀቢቦ ይወጣል። ጄምስ ለካ እስከ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጽሑፉን እያነበበ እኔ ስዋሽ ሲያዳምጥ ነበር። በሌሎቹ ላይ ስለሆነ አስቆት ዝም አለ።

ስድስት ቀን ነበረኝ። በመጀመሪያው ቀን ቀትር ላይ ከተማው ሲተኛ ሀቢቦ ጄኔሬተሩን አስነስቶልኝ፣ ሥዕሉን በየመስመሩ እያቆምኩ ከታች ያለውን በሙሉ ደብተር ላይ ገለበጥኩ። ከሦስት መቶ መስመር በላይ ነው። ከዚያ ደብተሩን ይዤ የቀድሞ ትምህርት ቤታችን ሄድኩ። ያ ጆሮዬን ይጎትት የነበረው የእንግሊዝኛ መምህር አሁንም አለ፣ ጆሮዬም ገና ሲያየው አወቀው። ደብተሬን ገለጠና "የቤት ሥራህን ስድስት ዓመት ዘግይተህ አመጣህ፣ ግን አመጣህ" አለኝ። ከልጆቹ ጋር ዝቅተኛዋ አግዳሚ ላይ ጉልበቴ አገጬን እየነካ አምስት ቀን ተቀመጥኩ። ልጆቹ ምዜ፣ ሽማግሌው፣ እያሉ እርሳስ ያበድሩኛል። ሳቁብኝ። ይሳቁ አልኩ፣ ስንት ሰው ላይ የሳቅሁ ሰው ነኝ።

የሚያናድድሽን ልንገርሽ፤ እውነተኛው ከእኔ ውሸት ይበልጥ ነበር። ቀዩ ሲሸሽ ነው ብዬ በጋሽ ወልደየሱስ ያሳቅሁበት ቦታ በዚህኛውም ዲስክ ላይ ይደገማል፣ የሚለው ግን እንዲህ ነው፤ "ወዴት እንደምሄድ አላውቅም፣ ግን እኔ ከቆምኩ እነሱም ይቆማሉ።" ሠላሳ ዓመት ሰው ቢቸገር የሚያንኳኳው የማንን በር እንደሆነ አሰብኩና ደብተሩን ዘጋሁት። ከዚያ መልሼ ከፈትኩት፣ ገና ሁለት መቶ መስመር ይቀረኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ሞልቶ በመስኮት የሚያይም ነበር። ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ጄምስ አጠገቤ፣ ካልቶማ በሩ ላይ። እንደ ስብከት ጀመርኩ፣ አማርኛ፣ ስዋሂሊ፣ ኦሮምኛ፣ ያው ቃል፣ ያው ቃል፣ ያው ቃል። ቢጫው ሳህኑን ይዞ ሲገባ ሰዉ ሁሉ ወደ ጄምስ ዞረ። ምላሴ ላይ ምን እንደመጣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ እስካሁን ያሳክከኛል። ዋጥኩትና የተጻፈውን አልኩ፤ "የምበላው፣ እየበላሁ ሳለ ማንም ምንም ስለማይጠይቀኝ ነው።" ጄምስ ወደ ጫማው አየ። አንድ ቦታ ላይ አንድ ቃል ነበር፣ መምህሩም ያላወቀው። በድሮዬ ቢሆን ሦስት ዓይነት ትርጉም እሰጠው ነበር። "አላውቀውም፣ ሲጁይ፣ ሂን ቤኩ" አልኩ። ሁሉም ጄምስን አዩት። እሱም "እኔም አላውቀውም" አለ።

መጨረሻው እንዲህ ነው። አውሬዎቹ ያልቃሉ፣ አምስቱም ሥራ ይፈታሉ። ልብሱን አጣጥፈው ኪራይ ቤቷ ውስጥ ይቀመጣሉ። ቀዩ ሊጠራቸው አፉን ይከፍታል፣ ግን በቀለም ካልሆነ በምን እንደሚጠራቸው አያውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን አብረው ሲኖሩ ስማቸውን አልጠየቀም። ወደ አረንጓዴው ይዞርና ይጠይቀዋል። ያን መስመር ለመተርጎም መምህር አላስፈለገኝም፣ አንደኛ ክፍል የመጀመሪያው ቀን የምንማረው ነው። "ስምህ ማን ነው" አልኩ፣ ቀጥዬ "ጂና ላኮ ናኒ"፣ ቀጥዬ "መቃን ኬ ኤኙ"።

ዲስኩ አለቀ። ጋሽ ወልደየሱስ ተነስተው ሱሪያቸውን አራገፉ። ሀቢቦ ፍርዱን ሊሰማ ክራንቹን ይዞ ቆመ። "ይህ አግዳሚ ይነቃነቃል፣ ሚስማር ምታበት" አሉት። ሌላ ምንም አላሉም፣ ሊያስወጡት ያሰቡትን ሰው ግን ማንም ሚስማር ምታ አይለውም። ከዚያ ወደ ኦቦ ጡሪ ዞረው በኦሮምኛ ፍየሎቹን ነገ ይዘሃቸው ና አሏቸው። ኦቦ ጡሪ በአማርኛ "የከሱትን ነው የወፈሩትን?" ብለው መለሱ፤ ሁለቱም እየተነታረኩ ወጡ። እኔን በሩ ላይ የያዘችኝ ካልቶማ ናት። የማኮረፍ ተራው የእሷ ኖሯል፤ "ሦስት ሳምንት ሁሉን ሰው ስትቀባ ሮዟን ለማን ሰጠሃት? ሁሉን የምሠራ እኔ፣ ጥግ የምቆም እኔ፣ ስሜ አንዴ እንኳ አልተነሳም። ለመሰደብም አልበቃሁ?" አለችኝ። ሁለት ሊትር ወተት ገዝቼ ታረቅኋት።

አሁን ያለ ቀልድ የምነግርሽ አንድ ነገር አለኝ። በጥር ትምህርት ሲጀመር ሰባተኛ ክፍል እገባለሁ። መምህሩ ቦታ ይዞልኛል፣ ረጅም አግዳሚም አሠርቶልኛል። ሰው ይስቃል፣ አንቺም ትስቂያለሽ፣ እማዬ እንኳ ስነግራት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ምንም አይመልሰኝም። ከእንግዲህ የማላውቀውን ማንበብ እፈልጋለሁ እንጂ መሙላት አልፈልግም። የቤት ሥራዬን ብልክልሽም እንዳትሠሪልኝ።

እማዬ ዓይንሽን ሳመችው፣ ጨው የበዛበት ምግብ አትብዪ ብላሻለች። ሀቢቦና አራቱ ልጆቹ ሰላም ብለውሻል። ካልቶማ ስሟ በደብዳቤው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ቆጥራ፣ አንቺም ደግመሽ እንድትቆጥሪላት ብላለች። ጄምስ በአማርኛ "እንደምን አለሽ" ብሏል፤ ደግሞ አሁን የእማዬን ዕቃ ከማድረስ ማምለጫ የለውም። አንቺም አብረውሽ ለሚያድሩት ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺ።

ከመታጠፉ በፊት ሕሊናዬን ላጽዳ። አምስት ሽማግሌዎች ያልኩሽ ሦስት ናቸው፤ ከሦስቱም አንዱ ጄምስ ነው፣ ገና ሠላሳ አልሞላውም። ሕዝብ ያልኩሽ አሥራ ሰባት ሰውና አንድ ፍየል ነው። ቤቱ ተዘግቶ የቆየው ስድስት ቀን ነው፤ ከስድስቱ አንዱ ዓርብ ነው፣ ሀቢቦ ደግሞ ዓርብ መች ከፍቶ ያውቃል። እማዬም ነጠላዋን ያነሳችው ለማዘቅዘቅ ሳይሆን እኔን ልትጎሽምበት ነበር። ጠቅልለሽ ብታዪው አንድ ወሬኛ የሃያ ደቂቃ ካርቱን በትክክል ተረጎመ፣ ያ ነው ነገሩ። ተነሺ፣ ግድግዳውን ልቀቂው።

የሚወድሽ ወንድምሽ
ዮፍታሄ ስዩም

ሞያሌ፣ ኬንያ
ኅዳር ፳፮ ቀን ፲፱፻፺፱ ዓ.ም.